ሪስታርት ያደረገው ሰው

ሌሊት ሌሊት ሪፖርቶችን ወደ ፋይል ሰርቨር የሚገለብጥ ሰርቪስ (ከጀርባ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ጽፌ ነበር። ራሴ ሳስነሳው ይሠራል። ሰርቪስ ሆኖ ሲነሳ ግን «መንገዱ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል።

ይሄኛው ጥፋት የኔው ነበር፤ ቶሎ ልለፈው። ኮዱ ውስጥ «ዜድ ድራይቭ» ብዬ ጽፌያለሁ። ዜድ እኔ ሎጊን ሳደርግ ለኔ የሚመጣ ድራይቭ ነው፤ በሎካል ሲስተም፣ ማለትም በሰው ሳይሆን በዊንዶውስ በራሱ አካውንት፣ የሚሠራ ሰርቪስ ከየት አባቱ ያውቀዋል? በሰርቨሩ ሙሉ አድራሻ ተካሁት። ስህተቱ ተለወጠ፦ ቁጥር 5፣ መግባት ክልክል ነው።

ፋይል ሰርቨሩን ወደሚያስተዳድሩት ታላቃችን ሄድኩ።

«ፐርሚሽን ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

«ለኔ ሰጥተውኛል። ሰርቪሱ ግን በኔ ስም አይደለም የሚመጣው።»

«በማን ስም ነው ታዲያ?»

«በማሽኑ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማሽን ደግሞ ሰው ነው እንዴ ፐርሚሽን የሚሰጠው?»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

«በል የራስህን ስምና ፓስወርድ አስገባለት» አሉኝ። ፓስወርዴን የቀየርኩ ዕለት ሰርቪሱም አብሮ እንደሚሞት ነገርኳቸው። «እሺ፣ ሪስታርት አድርገኸዋል?» አዎ አልኩ። «በደንብ አድርገው።» ሪስታርት በደንብና በመጥፎ የሚደረግ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ።

በማግስቱ የፋይል ሰርቨሩን የሴኩሪቲ ሎግ አብረን ከፈትን። የመጣው ስም የማሽኑ ነው፣ መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ያለበት። ሰርቪሱ ያለበት ሰርቨርና ፋይል ሰርቨሩ አንድ ዶሜይን (አካውንቶች በአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት ኔትዎርክ) ውስጥ ስለሆኑ ሎካል ሲስተም ውጭ ሲወጣ የሚያሳየው መታወቂያ የኮምፒውተሩን አካውንት ነው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ የመጻፍ ፈቃድ ያለውን ግሩፕ ከፍተው የማሽኑን ስም ጻፉ። «አልተገኘም» አለ።

«አየህ? የለም!» ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ደስታ አይረሳኝም።

መፈለጊያው ሳይነገረው ኮምፒውተሮችን አይፈልግም። «ኮምፒውተርስ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። ተገኘ፤ ተጨመረ። ሰርቪሱን አስነሳሁት። 5።

«አላልኩህም?»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ነው የገባኝ። ማሽኑ የያዘው የከርቤሮስ ቲኬት፣ ዶሜይኑ ማንነቱን ለማሳየት የሚሰጠው ማለፊያ፣ ግሩፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተቆረጠ ነው። የአባልነቱ ዝርዝር የሚጻፈው ቲኬቱ ሲሰጥ ስለሆነ፣ ፋይል ሰርቨሩ አሁንም የሚያየው አሮጌውን ዝርዝር ነው። የሎካል ሲስተምን ቲኬት ብቻ የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ጽፌ ልጨርስ ስል ስክሪኔ ጠፋ። ታላቃችን ሰርቪሱ ያለበትን ሰርቨር ሪስታርት አድርገውታል፣ ማንንም ሳይጠይቁ።

ሲነሳ አዲስ ቲኬት ተቆረጠለት፤ ሠራ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አለቃችን «ሦስት ቀን ያስቸገረንን ነገር በአንድ ሪስታርት ገላገሉን» ብለው አመሰገኗቸው። ስለ ቲኬቱ የሚያስረዳ ረጅም ኢሜይል ለሁሉም ላክሁ። የመለሰልኝ የለም።

በቅርቡ አንድ አዲስ ልጅ ሌላ ማሽን ያንኑ ግሩፕ ውስጥ አስገብቶ መጣ። «አሁንም 5 ይላል» አለኝ። ስለ ቲኬቱ ላስረዳው አፌን ከፈትኩ፣ ስንት ሥራ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

«ሪስታርት አድርገኸዋል?» አልኩት።