ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ የግቢያችን የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰምቼ ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመቀርቀሪያው ጋር ስትታገል አገኘኋት። «ውሃው ሳይነሳ ልሻገር፤ ታንኳው ጥሎኝ ይሄዳል» አለችኝ። እናቴ ዘጌ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ስለሚናወጥ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገር ሰው በማለዳ መነሳት እንዳለበት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ትዳር ይዛ ባሕር ዳር ከገባች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የምትፈልገው ታንኳም፣ ይጠብቁኛል የምትላቸው ሰዎችም ዛሬ የሉም። እጇን ይዤ ወደ ቤት ላስገባት ስሞክር ማንነቴን አላወቀችም። «ሌባ!» ብላ ስትጮህ የአጥር ጎረቤቶቻችን መብራት አበሩ።

የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን በዚያን ጊዜ 4 ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሕመሙ የወሰደባት ነገር ሁሉ በዝግታ የሄደ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ መቁጠር፣ ቀጥሎ የወጡን ጨው መመጠን፣ ከዚያም የልጅ ልጆቿን ስም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ወራት ያልፉ ነበር። እስከዚያ ሳምንት ማክሰኞ ድረስ ግን በእጇ ትበላለች፣ ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ታደርሳለች፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔንም በስሜ ትጠራለች። ሐሙስ ሲመሽ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አልቀረም።

ለዚህ ለውጥ ሁሉም የየራሱ መልስ ነበረው። ጎንደር ያለው ወንድሜ በስልክ «በሽታው ወደ መጨረሻው ገፍቷል ማለት ነው» አለኝ፤ አንዲት ጎረቤታችን ጸበል እንድንወስዳት መከረችን፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ካገኘች ትረጋጋለች ብዬ ቤት ውስጥ የነበረ የጉንፋን ሽሮፕ ሰጠኋት። ይህን ስህተቴን የማነሳው ብዙ ቤተሰብ በቅን ልብ የሚፈጽመው ስለሆነ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡ የቆዩ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች፣ በተለይ ዳይፈንሃይድራሚን ወይም ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው፣ አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ያግዳሉ። ለትኩረትና ለማስታወስ የሚያስፈልገው ይኸው ንጥረ ነገር ደግሞ ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት በሆነው በአልዛይመር ሕመም አስቀድሞ የተመናመነ ነው። ከቀረቻት ጥቂት ላይ እኔ በማንኪያ ቀነስኩባት። ዓርብ ጠዋት ብሶባት አደረ።

ወደ ሕክምና ስንወስዳት የተቀበለን ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይህ የጀመረው መቼ ነው?» ብሎ ነው። «4 ዓመት ይሆነዋል» አልኩት። «እሱን አይደለም፤ አሁን ያመጣችሁን ነገር ማለቴ ነው» አለኝ። «ማክሰኞ ደህና ነበረች» ስለው የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀምጦ ወደ እርሷ ዞረ። «እማማ፣ ወራቱን ከጳጉሜን ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አላት። «ጳጉሜን፣ ነሐሴ…» አለችና ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጥያቄውንም፣ ጠያቂውንም ረሳች። በዚያን ጊዜ ጣቶቿን ያየሁት በደንብ ነበር። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የጋቢውን ዘርፍ ይዘው ያጠነጥናሉ፣ ይለቃሉ፣ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይስባሉ። እኔ ለሁለት ቀን ያን እያየሁ «እንዝርቷ ትዝ ብሏት ነው» እያልኩ አዝን ነበር። ሐኪሙ ግን የአልጋ ልብስ መነካካትና አየር ላይ መጨበጥ አእምሮ በድንገት ሲቃወስ የሚታይ የቆየ ምልክት መሆኑን ነገረኝ።

ይህ ሁኔታ ዴሊሪየም ይባላል። ከመርሳት በሽታ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሻሮን ኢኖዬ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት፣ እስከ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት የመለያ ዘዴ የሚጀምረው ሐኪሙ እኔን ከጠየቀኝ ጥያቄ ነው፤ ለውጡ በድንገት የመጣ ነው ወይ? በቀን ውስጥስ አንዴ ሻል፣ አንዴ ከበድ ይላል ወይ? ሁለተኛው መለያ ሰውየው ትኩረቱን መሰብሰብ አለመቻሉ ነው። ከሁለቱ ላይ የንግግር መዘባረቅ ወይም የንቃት መለዋወጥ ከተጨመረ ዴሊሪየም ነው ተብሎ ይታሰባል። አልዛይመር በወራትና በዓመታት የሚሄድ ሕመም ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሰውን ከበረንዳ አንሥቶ ሌሊት በር ላይ አያቆምም። በሁለት ቀን የመጣ ነገር ሌላ መነሻ አለውና መነሻው መፈለግ አለበት። ከሁሉም በፊት የሚጠረጠረው ደግሞ ኢንፌክሽን ነው፤ የሽንት ቧንቧ፣ የሳንባ፣ የቆዳ ቁስል፣ አንዳንዴም የጥርስ።

ፊኛ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አንጎልን እንዴት ያውካል ብዬ ጠይቄ ነበር። ባክቴሪያው ወደ አንጎል መውጣት አያስፈልገውም። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ለመዋጋት ሲነሳ ሳይቶካይን የሚባሉ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክቶችን በደም ውስጥ ያሰራጫል፤ እነዚህ መልእክቶች አንጎልም ይደርሳሉ። ጤነኛ አንጎል መልእክቱን ተቀብሎ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ ይፈጥርና ያልፋል። በመርሳት በሽታ በተጎዳ አንጎል ውስጥ ግን ማይክሮግሊያ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት አስቀድመው ተቆጥተው የተቀመጡ ስለሆኑ ለትንሽ መልእክት ከመጠን ያለፈ ምላሽ ይሰጣሉ፤ ያልተጎዱት የነርቭ ሕዋሳትም ተጨማሪ ጫናውን የሚሸከሙበት ትርፍ አቅም የላቸውም። ለአንድ ወጣት ሁለት ቀን የሚያቃጥል ሽንት ብቻ የሚሆን ነገር እናቴን የማታውቀው ቤት ውስጥ ያቆማት በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አካባቢ ሕመምን የምንለካው በትኩሳት ነው። በጣና ዙሪያ ወባ ስላለ ግንባርን ዳስሶ «ይተኩሳል፣ አይተኩስም» ማለት ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። የእናቴ ግንባር ቀዝቃዛ ነበር፤ የወባ ምርመራዋም ነፃ ሆነ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነት ብዙ ጊዜ ትኩሳቱን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ለአረጋውያን አንድ ጊዜ ከ37.8 ዲግሪ በላይ፣ ወይም በተደጋጋሚ ከ37.2 በላይ፣ ወይም ከራሳቸው የተለመደ ሙቀት ከ1.1 ዲግሪ በላይ ከፍ ማለቱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የራሳቸውን የተለመደ ሙቀት ለማወቅ ደግሞ ደህና በሆኑበት ቀን መለካት ያስፈልጋል፤ እኔ ለክቼ አላውቅም ነበር።

የሽንት ምርመራዋ ባክቴሪያ አሳየ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በብዙ አረጋውያን ሴቶች ሽንት ውስጥ ምንም ሕመም ሳይፈጥር የሚኖር ባክቴሪያ ይገኛል፤ ስለዚህ የምርመራ ወረቀቱ ብቻውን የመቃወሷን ምክንያት አያረጋግጥም፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አንቲባዮቲክ መስጠትም እውነተኛው ምክንያት ሌላ ቦታ ተደብቆ እንዲቆይ ያደርጋል። ሐኪሙ ስትሸና ያቃጥላት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። የምታግዘን ልጅ ናት ከበሩ አጠገብ ሆና «ከሰኞ ጀምሮ በሌሊት አምስትና ስድስት ጊዜ ትነሳለች፤ ሆዷንም እየያዘች ታቃስታለች» ያለችው። ማንም አልጠየቃትምና ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከዚያም ሌሎቹ ጉዳዮች ተከታትለው መጡ፤ አራት ቀን ወገቧ አልተሞከረም፣ ምላሷ ደርቋል። ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ብዙ ነገር ብትረሳም ጾም አልረሳችም፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ በባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀት ትቀመጥ ነበር፤ እኛም ለእምነቷ ካለን አክብሮት የተነሳ ዝም ብለናት ነበር። የውሃ ማነስ ለሽንት ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ብቻውንም ቢሆን አእምሮን ሊያውክ ይችላል።

አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽና የሆድ ማለስለሻ ታዞላት ወደ ቤት መለስናት። ኢንፌክሽኑ በቀናት ውስጥ ለቀቃት፤ አእምሮዋ ግን ወደ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ተስፋ እቆርጥ ነበር። በዚያ ጊዜ የረዳን ቀላል ነገር ነው፤ መነጽሯን ማድረግ፣ ቀን መስኮቱን መክፈት፣ ሌሊት ትንሽ መብራት መተው፣ ጠያቂ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አልጋዋን እንዳይከብ መለመን፣ ታንኳ ስትል «ታንኳ የለም» ብሎ ከመከራከር ይልቅ «ሲነጋ አብረን እንወርዳለን» ማለት። እንድትታሰር ሐሳብ ያቀረበ ዘመድ ነበር፤ አልፈቀድኩም፤ ማሰር ፍርሃቱንና መቃወሱን ያባብሳል። በአራተኛው ሳምንት አመልማሎዋን ራሷ ጠየቀች። ክሩ ግን እንደ ቀድሞው ቀጭን ሆኖ አልወጣም፤ የጎረቤታችንም ስም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላትም። ዴሊሪየም አንዳንዱን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ በቶሎ መድረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን መጣ፤ ይህኛው ድምፅ አልነበረውም። እናቴ አልጮኸችም፣ በር ላይ አልቆመችም፤ ዝም ብላ ተኛች። ምሳዋን አፏ ውስጥ ይዛ ታንቀላፋለች፣ ስትጠራ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶቻችን «ተመስገን፣ ዐረፍ አለች» አሉ። ሳል እምብዛም አልነበራትም። ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ሰዓት ይዤ፣ ደረቷ ሲነሳና ሲወርድ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 28 ሆነ። በአረጋውያን ላይ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ሳንባን የሚያስጠረጥር ነው። በዚያ ዝናብ ባጃጅ እስክናገኝ ዘገየን እንጂ አላመነታንም፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። የዝምታው ዓይነት ዴሊሪየም ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ማንንም ሳያስቸግር ስለሚገባና ቤተሰብም ዕረፍት ነው ብሎ ስለሚቀበለው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለን። ደህና በሆነችበት ቀን ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ሙቀቷ፣ የምትጠጣው ውሃ፣ ሽንትና ዓይነ ምድሯ ይጻፍበታል፤ የምታግዘን ልጅም ትጽፋለች። ሕክምና ቦታ ስንደርስ «የመርሳት በሽታ አለባት» ብዬ መጀመር ትቻለሁ፤ ይህን ቃል ሲሰማ ብዙ ባለሙያ የቀረውን ሁሉ በእሱ ያስበዋል። አሁን የምለው «ማክሰኞ እንዲህ ነበረች፣ ሐሙስ እንዲህ ሆነች» ነው፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባቷ ቤት መጥተው ስለ ጾሙ አነጋገርናቸው። አጠገቧ ተቀምጠው፣ ለበሽተኛ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምትፈቅደው መሆኑን ነግረው፣ ውሃ እንድትጠጣ ፈቱላት። በማግስቱ ረስታዋለች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ስሰጣት በሁለት እጇ ትይዝና «9 ሰዓት ሆነ?» ትለኛለች። «አባ ፈቅደዋል፤ ትናንት እዚሁ ተቀምጠው ነግረውሻል» እላታለሁ። «እውነት? አባ ራሳቸው?» ትልና አማትባ ትጠጣለች። እኩለ ቀን ላይ እንደገና እንነጋገራለን።