የቴክሳስ ቺሊ ልምምዴ፦ ቦሎቄው ይግባ ወይስ ይቅር?

ቺሊው የት ደረሰ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ቺሊ ቀልድ አይደለም። በፈረንጆቹ 1977 የቴክሳስ ምክር ቤት ቺሊን የግዛቲቱ ምግብ ብሎ በይፋ ሰይሞታል። መሥሪያ ቤት ድስት ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጨው ወይም ስለ ሥጋው አይደለም። «ቦሎቄ አለበት?» ነው የሚባለው። «አዎ» ካለ አለቀለት።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ የቴክሳስ ቺሊ የበሬ ሥጋ፣ ዛላ በርበሬ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ነው። ጠበቅ የሚያደርጉት ሰዎች ቲማቲም እንኳ አያስጠጉም። ከቴክሳስ ወጣ ስትሉ ግን በብዙ ቤት ቺሊ ማለት ቦሎቄ ያለበት ቀይ ድስት ነው።

እኔ ወደ ቦሎቄው ከመድረሴ በፊት የቆየሁት በርበሬው ላይ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው የቺሊ ዱቄት በርበሬ ብቻ አይደለም፤ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ አብሮ ተፈጭቶበታል። ይህን ዱቄት ገበያ ላይ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ዊልያም ጌብሃርት የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ ነው፤ በ1890ዎቹ፣ እዚሁ ቴክሳስ፣ ኒው ብራውንፌልስ ከተማ። ለችኮላ ቀን ጥሩ ነው። ጣዕሙ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ እናንተ የምትመርጡበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ወደ ዛላው ገባሁ። የሜክሲኮ ሱቅ በሞላበት ከተማ ሌላ ነገር መግዛት ኃጢአት ነው። ሦስት ዓይነት እይዛለሁ። አንቾ፣ ፖብላኖ የሚባለው በርበሬ ቀልቶ ሲደርቅ የሚገኘው ነው። ሰፊ፣ ጠቆር ያለ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚል። ጉዋሂዮ ቀጠን ያለ ነው፤ ቆዳው ጠንካራ፣ ጣዕሙ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፣ ቀለሙ ደግሞ ደማቅ ቀይ። ደ አርቦል ትንሽዬ ናት፤ የምታቃጥለውም እሷ ናት። የበርበሬን ማቃጠል በሚለካው በስኮቪል መለኪያ አንቾ ከ1,000 እስከ 2,000 አካባቢ ነው፤ ደ አርቦል ግን 15,000ን ታልፋለች። ለ3 ፓውንድ ሥጋ፣ ማለትም ለ1.4 ኪሎ ገደማ፣ አራት አንቾ፣ አራት ጉዋሂዮና ሁለት ደ አርቦል ይበቃኛል።

ዛላውን ቀንጥሳችሁ ፍሬውን አራግፉ። ደረቅ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት ትንሽ አመስ አመስ አድርጉት። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ወዲያው አውርዱ፤ ከጠቆረ ይመራል፣ ምሬቱም ከድስቱ አይወጣም። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና በብሌንደር ፍጩት። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ቅመሱት፤ ከመረረ ድፉት፣ ካልመረረ ለመፍጫ ይሆናል። የጉዋሂዮ ቆዳ ጥርስ ውስጥ ስለሚገባ የተፈጨውን በወንፊት አሳልፉት።

ሥጋው ቸክ የሚባለው የትከሻ ሥጋ ነው። ጅማትና ስብ ያለበት። ቀይ ሥጋውን ለክትፎ ተዉት፤ ሦስት ሰዓት ሲበስል ይደርቃል። የቸክ ጅማት ግን በዝግታ እሳት ሲቆይ ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቆራርጡት፣ ጨው አድርጉበት፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። አንዴ ከሞላችሁት ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከዚያ አንድ ሽንኩርት፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የታመሰ ከሙን፣ የተፈጨው በርበሬና ሥጋውን የሚሸፍን ውሃ። ኦሬጋኖው የሜክሲኮው ቢሆን ይመረጣል፤ ከሜዲትራኒያኑ ጋር ስም ተጋሩ እንጂ ተክሉ የሌላ ቤተሰብ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀስ ብሎ ይንተክተክ።

አንድ ሽንኩርት ስል የሳቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሐበሻ እጅ ድስት ሲጥድ ወደ ሽንኩርት ነው የሚሄደው። ቀይ ወጥን የሚያወፍረው በደንብ የበሰለው ሽንኩርት ነውና። ቺሊ ላይ ያ ሥራ የበርበሬው ነው። የተፈጨው በርበሬና የቀለጠው ጅማት መረቁን ይይዙታል፣ መጨረሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማሳ ሃሪና በውሃ በጥብጦ መጨመር ነው። ማሳ በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ የሚሠራ ዱቄት ነው፤ ተራ የበቆሎ ዱቄት ያን ጣዕም አይሰጥም። ሽንኩርት ካበዛችሁ ቺሊው ይጣፍጣል። በርበሬው ግን ከኋላ ይቀራል።

በርበሬያችንስ? ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። የእናቴን በርበሬ ብጨምርበት ደስ ይለኛል፣ ግን ኮረሪማውና በሶብላው ገና ከመግባታቸው ድስቱን የራሳቸው ያደርጉታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሲሆን እንኳ እዚህ ተወልዶ ያደገው የሥራ ባልደረባዬ «ምን አደረግሽበት?» አለኝ። ጠልቶት አይደለም፤ ሁለቴ አስጨምሮ በልቷል። ቺሊ ነው ግን አላለም።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ቴክሳሶች የሚቆሙበት ምክንያት አላቸው። ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «የቺሊ ንግሥቶች» የሚባሉ ሴቶች ማታ ማታ አደባባይ ላይ ድስት እየጣዱ ይሸጡ ነበር። በ1893 ደግሞ በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የሳን አንቶኒዮ ቺሊ መሸጫ ቆሞ ነበር፤ ብዙ አሜሪካዊ የቀመሰው ያኔ ነው። ተርሊንጓ በምትባል፣ የማዕድን ሥራው ቆሞ ሰው ጥሏት የሄደ በረሃማ መንደር ውስጥ በ1967 የመጀመሪያው ትልቅ የቺሊ ፉክክር ተካሄደ። ቴክሳሳዊው ዊክ ፋውለርና ከኒውዮርክ የመጣው ጸሐፊ ኤች አለን ስሚዝ ተፋጠው አቻ ወጡ። እስከ ዛሬም በየኖቬምበሩ እዚያ ውድድር አለ። ካዚ የሚባለው ማኅበር ደንብ ግልጽ ነው፦ ቦሎቄ፣ መኮረኒ፣ ሩዝ፣ ምንም ማብዣ አይገባም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም የቴክሳስ ሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሌዲ በርድ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ በካርድ አሳትመው ያድሉት የነበረው የቺሊ አሠራር ቲማቲም አለው። ቦሎቄ ግን የለውም።

የወዲያኛው ወገን ምክንያትም ቀላል አይደለም። ሥጋ ውድ ነው፣ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ቦሎቄ ድስቱን ያበረክታል። ደግሞ ይጣፍጣል፤ ምን ይደረግ።

እኔ የሞከርኩት እንዲህ ነው። አንድ ድስት የቴክሳስ ቺሊ ሠርቼ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ላይ የበሰለ ቦሎቄ ጨመርኩ፣ ሌላውን እንዳለ ተውኩ። ትኩሱን ስንበላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በማግስቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቦሎቄው መረቁን ጠጥቶታል፣ ጨው ጎድሏል፣ ማቃጠሉ ደንዝዟል፣ ማሳው ከቦሎቄው ስታርች ጋር ተደርቦ እንደ ገንፎ ከብዷል። ያለ ቦሎቄ የተቀመጠው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ጣፍጦ አደረ።

ከዚህ ያገኘሁት፣ ቴክሳሶች ልክ ናቸው የሚል አይደለም። ያለ ቦሎቄ ታስቦ የተሠራ ድስት ውስጥ ቦሎቄ መጣል አይሆንም ነው። ማወፈሪያው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ቦሎቄ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ለእሱ አስቡለት። ማሳውን ተዉት። አንድ ደ አርቦል ጨምሩ። መረቁን ቀጠን አድርጉት። ጨውና የሎሚ ጭማቂውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ አስተካክሉ።

ቦሎቄውንም ለብቻው ቀቅሉት። ፒንቶ የሚባለው ዥንጉርጉሩ እዚህ አካባቢ የሚወደደው ነው። ከቲማቲም ጋር አብሮ ከተጣደ ኮምጣጣው ቆዳውን ስለሚያጠነክረው ሰዓታት ቆይቶም ጥርስ ይይዛል። ማታ በጨው ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በነጭ ሽንኩርት አለስልሱት፣ ቺሊው ሊወርድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከነመረቁ ጨምሩት።

ቀዩን ትልቁን ቦሎቄ የምትወዱ ደግሞ ይህን በደንብ አንብቡ። ጥሬው ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለው፤ በደንብ ያልበሰለ አራት አምስት ፍሬ እንኳ ክፉኛ ሊያስመልስ ይችላል። ስሎው ኩከር በሚባለው፣ በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን ከትታችሁ ወደ ሥራ እንዳትሄዱ። ሙቀቱ በቂ አይደለም፤ ለብ ብሎ የቆየው ከጥሬውም ሊብስ ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት እየፈላ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ስሎው ኩከር ይችላል። የቆርቆሮው የበሰለ ስለሆነ ችግር የለበትም።

እንግዳ ሲኖር ግን የማደርገው የሲንሲናቲዎቹን ነው። ኦሃዮ ውስጥ የመቄዶንያ ስደተኞች ከ1922 ጀምረው ያስለመዱት ቺሊ ስፓጌቲ ላይ ይፈሳል፣ ቀረፋ ቀረፋም ይላል። እዚያ «ፋይቭ ዌይ» ብሎ ያዘዘ ሰው አይብ፣ ሽንኩርትና ቦሎቄ ከላይ ይደረግለታል፤ ያላዘዘ ይቀርበታል። እኔም ፒንቶውን በጎድጓዳ ሳህን ለብቻው አቀርባለሁ። የፈለገ ያንሳ። ባልደረባዬ አያነሳም፣ ከሚሺጋን የመጣችው ጎረቤቴ ግማሹን ትወስዳለች፣ ሰላም ነው።

የሚቀጥለው ሥራዬ የጾሙ ቺሊ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጭቅጭቁ ራሱ የለም፤ ቦሎቄው ነው ድስቱ። ፒንቶና ጥቁር ቦሎቄ እቀላቅላለሁ፣ ሲሶውን እፈጨዋለሁ፣ በርበሬው ያው ነው፣ የሥጋውን ቦታ በዘይት በደንብ የተጠበሰ እንጉዳይ ይይዛል። እስካሁን ጥሩ ነው፣ መረቁ ግን ትንሽ ይቀጥናል። በማሳ ፈንታ ቅመም የሌለው የሽምብራ ዱቄት አመስ አድርጌ ልሞክር ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ልኩን ጻፉልኝ፤ ከዓርብ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።