በማካፈያው ውስጥ የተደበቀው ስብ፦ ኤሮቢክ ብቃትን ከሌፕቲንና ከአዲፖኔክቲን ጋር እንዴት እንዳነጻጸርኩ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ የመረጥኩት ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፤ ኤሮቢክ ብቃታቸው ከፍ ያለ፣ ማለትም ልባቸው፣ ሳንባቸውና ጡንቻቸው ኦክስጅንን በብቃት የሚጠቀሙ ሰዎች ደም ውስጥ ያሉት የስብ ሆርሞኖች ከሌሎች ሰዎች የተለዩ ናቸው ወይ የሚል። መልሱ ግን ብቃትን በምን እናካፍለው በሚል፣ ላይ ላዩን ሲታይ የሒሳብ ብቻ በሚመስል ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሥራውን እንዴት እንዳከናወንኩና ምን እንደተማርኩበት እዚህ አሰፍራለሁ።

ስብ ለረጅም ዘመን ትርፍ ጉልበት የሚከማችበት ጎተራ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን አመለካከት ከለወጡት ሥራዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲንን የሚያስገኘውን ዘረመል ለይተው ያሳወቁበት ነው። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ በደም አማካይነት አንጎል ውስጥ ወዳለው ሃይፖታላመስ ይደርሳል፤ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ስብ እንደተጠራቀመም ያሳውቃል። ስብ በጨመረ ቁጥር የሌፕቲን መጠን ይጨምራል። አዲፖኔክቲንም የሚመነጨው ከዚያው ከስብ ሕዋስ ሆኖ ሳለ ጠባዩ ተቃራኒ ነው፤ በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ሲበዛ መጠኑ ይወርዳል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ከመስጠታቸው ጋር ተያይዞ ይታያል።

ጥንቃቄው የጀመረው ከተሳታፊዎች ምርጫ ነው። የስብ መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ የሴቶች ሌፕቲን ከወንዶች በጉልህ ስለሚበልጥ፣ ሁለቱን ደባልቆ መተንተን ስለ ብቃት ሳይሆን ስለ ጾታ የሚናገር ውጤት ያስገኛል፤ በመሆኑም ለየብቻ ተንትኛቸዋለሁ። ለስኳር በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል እንደ ፒዮግሊታዞን ያሉት አዲፖኔክቲንን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ እነዚህን የሚወስዱ ፈቃደኞችን አላካተትኩም። ደም የተቀዳው ሁሉም ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው፣ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ሌፕቲን ሌሊት ከፍ፣ ቀን ዝቅ የሚልበት የራሱ ዑደት አለውና። ከዚያ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት ከባድ እንቅስቃሴ እንዳያደርጉም ጠይቄአቸዋለሁ። ረጅም ሩጫና በቂ ያልሆነ ምግብ የሰውነት ስብ ገና ሳይቀንስ ሌፕቲንን ሊያወርዱት ስለሚችሉ፣ ያለዚህ ገደብ የምለካው የሰውየውን የዘወትር ሁኔታ ሳይሆን የትናንቱን ልምምድ ይሆን ነበር። ለማስፈጸም የከበደኝ ደግሞ ይኸው ገደብ ነው፤ መሮጥ የለመደን ሰው ሁለት ቀን አርፈህ ና ከማለት ደሙን መቅዳት ይቀላል።

ብቃትን የለካሁት በመሮጫ ማሽን ላይ፣ ሯጩ የሚተነፍሰውን አየር በሚሰበስብ ጭምብል ነው። ፍጥነቱና ዳገቱ በየደረጃው እየጨመረ ሄዶ ተሳታፊው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አቅሙ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ጫናው ቢጨምርም የኦክስጅን አጠቃቀሙ አልጨምር ሲል ጣሪያው ላይ ደረሰ ይባላል። ሐሳቡ በ1920ዎቹ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርቺባልድ ሂል ከሠራቸው ሥራዎች የመነጨ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህ ጣሪያ በግልጽ ሳይታይ ስለሚያቆም፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰውነት ከሚወስደው ኦክስጅን ጋር ያለው ጥምርታ 1.10 መድረሱን እንደ ተጨማሪ ማረጋገጫ ወስጃለሁ። በ12 ደቂቃ ውስጥ የተሮጠውን ርቀት የሚለካው የኩፐር ፈተና ወጪው እጅግ ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሰጠው ግምት ስለሆነና እኔ የምፈልገው ልዩነት ስውር ስለነበረ፣ የግምቱ ስሕተት ልዩነቱን ይውጠው ነበር።

በላቦራቶሪ በኩል የምለው አጭር ነው። ሁለቱንም ሆርሞኖች የለካሁት በኤላይዛ፣ ማለትም የሚፈለገውን ሆርሞን በፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) ይዞ መጠኑን በሚለካ ዘዴ ነው። ሌፕቲን በደም ውስጥ በናኖግራም፣ አዲፖኔክቲን ግን በማይክሮግራም ስለሚቆጠር፣ ለአዲፖኔክቲን የተመደበው ናሙና አስቀድሞ በብዙ እጥፍ መቅጠን አለበት፤ በማቅጠን ላይ የምትፈጠር ትንሽ ግድፈትም በመጨረሻው ስሌት ተባዝታ ስለምትመለስ፣ እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ማካፈያው ነው። ኤሮቢክ ብቃት እንደ ልማዱ የሚገለጸው በደቂቃ የተወሰደው ኦክስጅን ለሰውነት ክብደት ተካፍሎ ነው። ሁለት ሰዎችን እናስብ፤ ሁለቱም በደቂቃ 3 ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማሉ፣ የሁለቱም ከስብ ውጭ ያለው አካል 50 ኪሎ ይመዝናል፤ አንደኛው ግን 10 ኪሎ፣ ሁለተኛው 30 ኪሎ ስብ አላቸው። በጠቅላላ ክብደት ሲካፈል አንደኛው በደቂቃ ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 37.5 ሚሊ ሊትር ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ተብለው ይመደባሉ። ከስብ ውጭ ላለው አካል ብቻ ሲካፈል ግን ሁለቱም 60 ናቸው፤ ጡንቻቸው ኦክስጅንን የሚጠቀምበት አቅም አልተለያየም። የተለያየው ስባቸው ነው፤ ሌፕቲንም የሚመነጨው ከስብ ነው። እንግዲህ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ብቃት ሲወርድ ሌፕቲን ይወጣል» ብሎ መጻፍ፣ ስብን ከራሱ ከስብ ጋር አነጻጽሮ አዲስ ነገር እንዳገኙ መቁጠር ነው። በክብደት ማካፈል ሁልጊዜ አይገባም ማለቴ አይደለም፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ስቡንም ተሸክሞ ስለሚወጣ፣ ጥያቄው ስለ ሩጫ ውጤት ከሆነ ትክክለኛው ማካፈያ ክብደት ነው።

ስለዚህ ትንተናውን በሦስት መንገድ ሠራሁት፤ በክብደት አካፍዬ፣ ከስብ ውጭ ላለው አካል አካፍዬ፣ በመጨረሻም በዴክሳ ምርመራ (ስብን ከሌላው አካል በራጅ ለይቶ በሚለካ) የተገኘውን የስብ መጠን በሪግሬሽን ሞዴል፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነገር ድርሻ ለይቶ በሚገምት የስታትስቲክስ ስሌት፣ ውስጥ ራሱን ችሎ አስገብቼ። በክብደት ሲካፈል ብቃትና ሌፕቲን በጠንካራ ተቃራኒ ግንኙነት ተሳስረው ታዩ፤ የስብ መጠን ወደ ሞዴሉ ሲገባ የግንኙነቱ አብዛኛው ክፍል ጠፋ። የአዲፖኔክቲን ግንኙነት ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ ከጠቅላላ ስብ ይልቅ ከወገብ ዙሪያ ጋር ይበልጥ መያያዙም፣ ለዚህ ሆርሞን ከስቡ ብዛት ይልቅ ስቡ የተቀመጠበት ቦታ እንደሚያመዝን አሳየኝ።

አማካሪዬ ውጤቱን አይተው፣ «ታዲያ ብቃትና ሌፕቲን አይገናኙም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንደዚያ ማለት አይቻልም። ኤሮቢክ ልምምድ ስብን፣ በተለይም የሆድ ዕቃውን ስብ፣ አንዳንዴም ክብደት ሳይለወጥ፣ ይቀንሳል፤ የስቡ መቀነስ ደግሞ ሌፕቲንን ያወርዳል። ልምምድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ከሆነ፣ ስብን በስታትስቲክስ መቆጣጠር ልናየው የፈለግነውን መንገድ ራሱን መዝጋት ነው። ስብ አሳሳች (ግንኙነት የሌለውን ያለ የሚያስመስል) ይሁን አስተላላፊ (የልምምድን ውጤት ወደ ሌፕቲን የሚያደርስ)፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተወሰደ ልኬት መለየት አይቻልም።

ዝቅተኛ ሌፕቲንን እንደ መልካም ምልክት ብቻ ማንበብም አያዋጣም። የሚበሉት ምግብ ለሚያወጡት ጉልበት የማይበቃቸው ሴት ሯጮች ሌፕቲናቸው በጣም ይወርዳል፣ የወር አበባቸውም ሊቋረጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አነስተኛ ጥናት የወር አበባቸው በዚህ ዓይነት ምክንያት ለተቋረጠ ሴቶች ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጥ፣ ከፊሎቹ እንደገና እንቁላል መልቀቅ ጀምረዋል። በዚህ ምክንያት የሴት ተሳታፊዎቼን የወር አበባ ሁኔታ በመጠይቁ ውስጥ አካትቼ፣ የተዛባባቸውን ሴቶች ውጤት ለብቻው አይቼዋለሁ።

ልምምድ ጡንቻ ስኳርን የሚቀበልበትን አቅም አዲፖኔክቲን ሳይለወጥም ሊያሻሽል ይችላል፤ የአንድ ቀን ልምምድ ውጤት እንኳ ለአንድና ለሁለት ቀን ይቆያል። በመሆኑም ለቀጣዩ ጥናት ባዘጋጀሁት ዕቅድ፣ እነዚያው ሰዎች ከልምምድ በፊትና በኋላ ይለካሉ፣ የሆድ ዕቃ ስብ በኤምአርአይ ይታያል፣ ከጠቅላላው አዲፖኔክቲን በተጨማሪ ከኢንሱሊን ምላሽ ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ከባዱ የሞለኪውል ቅርጹ ለብቻው ይመረመራል፤ የመጨረሻው ደምም የሚቀዳው ከመጨረሻው ልምምድ ቢያንስ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው።