ቁጥር 11ን ብቻ

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ።» ኤርምያስ 29፥11። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ጥቅስ ነው። አንድ አገልጋይ በዚሁ ቃል እጁን ጭኖብኝ «በሁለት ዓመት ውስጥ ቪዛሽ እጅሽ ይገባል» አለኝ። አሜን ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ። (አይ ሞኝነቴ!)

ቪዛው አልመጣም። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን የእማዬን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ያንን የ1954ቱን ትርጉም፣ ገለጥኩ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብቤው አላውቅም ነበር። ለካ ደብዳቤ ነው! ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ ይላቸዋል። የመመለሻው ጊዜ ቁጥር 10 ላይ አለ፦ 70 ዓመት። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ ይሞታሉ ማለት ነው። ቁጥር 8 ደግሞ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ከግድግዳችን ጥቅስ ሦስት ቁጥር ብቻ ከፍ ብሎ!

ምዕራፍ 28 ላይ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ ዕቃውም ምርኮኛውም ይመለሳል ይላል። በስንት ጊዜ? በሁለት ዓመት።

አሁንም ስብከት እሰማለሁ። ጥቅስ ሲጠራ ግን ከላይም ከታችም አነባለሁ። እማዬ «ተጠራጣሪ ሆነሻል» ትለኛለች። ባለፈው እሁድ ግን መነጽሯን ፈልጋ አጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ ከቁጥር 1 ጀምሪልኝ» አለችኝ።