ሁሉም ፓምፖች የቆሙበት ቅዳሜ

በብሪታንያ የነዳጅ ግፊያ በተነሣበት ሰሞን በደቡብ ለንደን በሚገኝ አንድ ማደያ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። በዚያ ሳምንት ሕዝቡ በስግብግብነት እንዳበደ ብዙ ተብሏል። ከካሸር መስኮት ጀርባ ሆኖ ሰልፉን ሲያይ ለዋለ ሰው ግን ይህ አባባል ብዙም አይዋጥም።

ነገሩ የተቀጣጠለው ሐሙስ መስከረም 13 ቀን 2014 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 ቀን 2021) ሲሆን፣ ቢፒ የተባለው ኩባንያ የቦቴ ሹፌር በማጣቱ አንዳንድ ማደያዎቹን ለጊዜው እንደሚዘጋ የሚገልጽ ዜና በመውጣቱ ነው። ከ1,200 ገደማ ማደያዎቹ በዚያን ጊዜ የተዘጉት 20 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በማጣሪያዎችና በዴፖዎች ነዳጅ ነበረ፤ የጠፋው የሚያደርሰው ሰው ነው። የጭነት አጓጓዦች ማኅበር በአገሪቱ 100,000 ያህል የከባድ መኪና ሹፌር እንደጎደለ ሲያስጠነቅቅ ከርሟል፤ ኮሮና የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ለወራት አስተጓጉሎ፣ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱም ብዙ የምሥራቅ አውሮፓ ሹፌሮችን ወደየአገራቸው መልሶ ነበር። ዓርብ ዕለት የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ግራንት ሻፕስ ሕዝቡ እንደ ወትሮው እንዲቀዳ መከሩ። ይህን ምክር በሬዲዮ እየሰማ የሚነዳ ሰው ግን ጥግ ላይ የተዘጋ ማደያ ሲያይ ዓይኑን ነው የሚያምነው። ግማሽ ታንክ ያለው ሰው ጎራ ብሎ መሙላቱ ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ጎራ ሲሉ ግን የትኛውም ማደያ አይችለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ከግቢያችን ወጥቶ ዋናውን መንገድ ይዞ አውቶቡስ ሳይቀር አስቁሞ ነበር። እንደ አንዳንድ ማደያዎች እኛም ለአንድ መኪና ከ30 ፓውንድ በላይ እንዳይቀዳ ገደብ ጥለናል። ስልኬም አላርፍ አለ፤ ታክሲ የሚነዱ የአገሬ ልጆች በየተራ እየደወሉ ቦቴው መቼ እንደሚገባ ይጠይቁኛል። በማግስቱ ደመራ ስለነበር አንድ ጋሼ የምላቸው አዛውንት ሹፌር፣ «ልጄ፣ እናቶችን ቤተ ክርስቲያን የማደርስበት አጥቼ ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ሹክ በለኝ» አሉኝ። «ጋሼ ሙት፣ ለእኛም አልነገሩንም» ብዬ መለስኩላቸው፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ በአራተኛው ፓምፕ ላይ አንድ ጎልማሳ ታንኩን ሊሞላ ቀረበ። ታንኩ ቀድሞውንም ሙሉ ሊባል የሚችል ስለነበር ጥቂት ሊትር ብቻ ወሰደለት። መቅጃውን ሳይመልስ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፈተና በቢሮዎች የመጠጥ ውኃ በሚቀመጥበት ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን መቅዳት ጀመረ። በአገሩ ሕግ ቤንዚን የሚቀዳበት የፕላስቲክ ዕቃ ለዚሁ ተብሎ የተሠራና ከ10 ሊትር የማይበልጥ መሆን አለበት፤ ብረት ከሆነ እስከ 20 ሊትር ይፈቀዳል። ይህ ዝም ብሎ የወረቀት ሕግ አይደለም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንዲሁ የነዳጅ ስጋት በነበረበት ጊዜ አንድ ሚኒስትር ሕዝቡ በጀሪካን እንዲያስቀምጥ መክረው፣ በዚያው ሰሞን ዮርክ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ማድ ቤቷ ውስጥ ቤንዚን ስትገለብጥ ክፉኛ ተቃጥላለች። ሰውየውን ለመከልከል ገና ከወንበሬ ስነሣ ጠርሙሱ ሞልቶ ፈሰሰ። ቤንዚኑም በሲሚንቶው ላይ እየተንኳለለ ሞተሯ ወዳልጠፋው የኋላ መኪና ሄደ። ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያ ተጫንኩት፤ ስምንቱም ፓምፖች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመመሪያው መሠረት ነበር፤ መመሪያው ዝም ያለው ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው። እኛ አሸዋ እያለበስን ሳለ በሰልፉ ላይ ያሉት የሚያዩት ከፓምፕ ላይ እጃቸውን ያነሡ ሰዎችን ብቻ ነበር። አንዱ መስኮቱን አውርዶ «አለቀ!» አለ፤ በደቂቃ ውስጥ ወሬው መንገዱ ጫፍ ደረሰ። ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ገፉ፤ ሁለት ሰዎች ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች የአረጋውያን ተንከባካቢ ከመኪናዋ ወርዳ፣ መድኃኒታቸውን እንድትሰጣቸው የሚጠብቋት ሰዎች እንዳሉ እያስረዳች ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመሬት በታች ያለው ታንካችን ግማሽ ያህል ቤንዚን ይዟል። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ደውለው «ያንተም አለቀ አሉ፤ ምነው እየሸሸግከኝ?» ሲሉኝ ወሬው የቴምዝን ወንዝ መሻገሩን ተረዳሁ።

እንዳላለቀ፣ ሰውም እየተጋፋ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ታዲያ ተራ አስከባሪ የላችሁም?» ብለው ሳቁብኝ። ቀልድ ይሁን ምክር እስካሁን አልጠየቅኳቸውም፤ እኔ ግን እንደ ምክር ወሰድኩት። ሶማሊያዊ ባልደረባዬን የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ሰደርያ አስለብሼ ወደ መንገዱ ላክሁት። በየመኪናው መስኮት እየቆመ ቤንዚን እንደፈሰሰ፣ ግቢው እንደጸዳ ፓምፖቹ እንደሚከፈቱ፣ ያለው ነዳጅ እስከ ነጩ ቫን ድረስ ለቆሙት እንደሚበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ላሉት ግን እንደማይደርስ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ይህን የመጨረሻውን መናገር ጠብ ይጭራል ብሎ ፈርቶ ነበር። ከነጩ ቫን ኋላ ከነበሩት ግን አብዛኞቹ መኪናቸውን አዙረው ሄዱ፤ አንዳንዶቹም እያመሰገኑ። በዚያ ሰሞን የሐኪሞች ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበራት ለጤና ሠራተኞች ቅድሚያ እንዲሰጥ እየጠየቁ ነበር፤ ለእኛ የደረሰ መመሪያ ስላልነበረ ባልደረባዬ ከተንከባካቢዋ ፊት የነበሩትን ሹፌሮች አንድ በአንድ አስፈቅዶ አሳለፋት። እምቢ ያለ አንድም አልነበረም። ስግብግብ የተባለው ሕዝብ ይኸው ነው።

መንግሥት ለውጭ አገር ሹፌሮች 5,000 ጊዜያዊ ቪዛ ፈቀደ፤ ከኦክቶበር 4 ጀምሮም 200 ያህል ወታደሮች፣ ግማሾቹ ሹፌሮች፣ ሥራውን እንዲያግዙ ተሰማሩ። እስከዚያው የቦቴ ዐይነት ያየ ሁሉ ይከተል ነበር፤ ሃያ ያህል መኪኖች አንዱን ቦቴ ተከትለው የግንባታ ሞርታር የጫነ ሆኖ ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው። ሾፌሩ ወርዶ ሲነግራቸው፣ ቀድሞ አላሳወቀንም ብሎ ከተከታዮቹ አንዱ እንደተቆጣ በዜና ሰምተን በሥራ ቦታ ብዙ ስቀናል፤ እኔ ግን ለተቆጪው አደላሁ።

በእኛ ማደያ የድንገተኛ ማቆሚያው መመሪያ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ቁልፉን የተጫነ ሰው ወዲያውኑ አንድ ባልደረባ ወደ ሰልፉ ይልካል፣ ምክንያቱንና የሚቆይበትን ጊዜም ያስነግራል። ያንኑ ክረምት የካርድ መክፈያው መስመር ሲቋረጥ ሰደርያውን ለብሼ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥሬ ገንዘብ የያዙት ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ማደያ ነዱ።