«እሷ ምን ታውቃለች?»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአንዲት ሐበሻ እናት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። ልናጸዳው ሄደን፣ ክፍሉን በወፍራም ላስቲክ ዘግተን፣ ባለ ሄፓ ፊልተሩን (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለውን) ማሽን ውስጥ አቁመን፣ ቱቦውን በመስኮት ወደ ውጭ አወጣን። ማሽኑ አየሩን እየሳበ ሲያስወጣ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ላስቲኩ ከላላ አቧራው ደረጃውን ወጥቶ ሰው የሚተኛበት ክፍል ይገባል።

ድራይዎሉን (የጂፕሰም ግድግዳውን) ቀድደን፣ በከረጢት አስረን እንዳወጣን አለቃችን ደወለ።

«ማሽኑን አጥፍታችሁ ጫኑት፣ ነገ ሌላ ሳይት እፈልገዋለሁ።»

«ዛሬ እኮ ነው የቀደድነው፣ አቧራው ገና አየር ላይ ነው» አልኩት።

«ሻጋታው ወጥቶ የለ እንዴ? ምኑን ነው የሚያጣራው?»

የወጣው ግድግዳው ነው። ሻጋታ ብናኙን በብዛት የሚለቀው ሲነካ ነው፣ ስለዚህ አየሩ ከሁሉ የሚከፋው ልክ ቀድደን ስንጨርስ ነው። ብናኙ ቢሞትም አለርጂ ይቀሰቅሳል። ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል፣ ግን አየሩ ደጋግሞ ሲያልፍበት ነው እንጂ መኪና ላይ ተጭኖ አይደለም። ይሄን ሁሉ እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። ባለቤቲቱ የልጅ ልጇ አስም እንዳለበት ነግራናለች ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ?

«እሷ ምን ታውቃለች?»

እሱም ሐበሻ ነው። እናቱ ብትሆን ይሄን ይል ነበር? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አልጫንኩትም። ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። ጠዋት የፊተኛውን ፊልተር ሳወጣው፣ ማታ ነጭ አድርጌ ያስገባሁት አመድ ለብሷል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ መልስ የለም።

እትዬ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው «ልጄ፣ አለቀ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ገና ነው እትዬ። ግድግዳውና ወለሉ በሄፓ ቫኪዩም ተጠርጎ፣ ተወልውሎ እስኪያልቅ ማሽኑ አይጠፋም። የመጨረሻውን የአየር ምርመራ ደግሞ ከእኛ ጋር የማይሠራ ሰው ያድርግልዎት። ያጸዳ ሰው ራሱን አይመርምር።»

እንዳልኳቸው አደረጉ። አለቃችን ማን ይሄን እንደነገራቸው እስካሁን ያጠያይቃል። እኔ ነኝ። ቢጠይቀኝም አልክድም።