አራት ሌሊት ከከርነል ጋር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ዛሬስ በደስታ ነው።

ጣጣው የመጣው በዚያች እንጨት በምትቀርጸው ማሽን ነው። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባል ማሽን የሚመራ ፕሮግራም ጭኜ ስቴፐር ሞተሮቿን (በእርምጃ በእርምጃ የሚዞሩ ናቸው) በፓራለል ፖርት፣ በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ አዛቸዋለሁ። ሞተሮቹ የት እንደደረሱ መልሰው አይናገሩም። ኮምፒውተሩ የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት በሰዓቱ ከደረሳቸው አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ ከዘገየ ያጉረመርሙና ይቆማሉ፣ ፕሮግራሙ ግን የሄዱ ይመስለዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ መዘግየቱ ከ20 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእኔ 200 ይደርስ ነበር። እማዬ ቃል የገባሁላትን መስቀል አንድ ክንዱ ተንሸራቶ ስታየው "ይሄማ ደክሞት የተደገፈ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ስለዚህ ሪል ታይም ከርነል፣ ማለትም ሥራን በሰዓቱ የሚያደርስ የሊኑክስ እምብርት፣ ከምንጭ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል ላደርግ ተነሣሁ። ይህን የሚያስችለው ፕሪኤምፕት አርቲ 20 ዓመት ያህል በፓች (በላዩ በሚጨመር ማሻሻያ) መልክ ውጭ ውጭውን ሲዞር ኖሮ ዋናው ሊኑክስ ውስጥ የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ2024፣ በከርነል 6.12 ነው። ከከርነሉ ቁጥር ጋር የሚገጥም ፓች ከመፈለግ እንኳ ተርፌያለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ምርጫውን በመፈለግ አለቀ። የከርነሉን አማራጮች የሚዘረዝረውን ሜኑኮንፊግን ባገላብጥ ባገላብጥ ሙሉ ሪል ታይም የሚል ነገር የለም። ለካ "ኤክስፐርት" የሚለው ላይ ምልክት ካልተደረገ ጭራሽ አይታይም! እኔ ደግሞ ኤክስፐርት ነኝ ማለቱ ከብዶኝ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ከኡቡንቱ ሊኑክስ የቀዳሁት ኮንፊግ (የምርጫዎቹ ፋይል) እኔ ዘንድ የሌለ የሰርተፊኬት ፋይል እየጠራ ሥራውን አቆመው። ቦታውን ባዶ አድርጌ ቀጠልኩ፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ከርነሉ ተነሣ። መዘግየቱን የሚለካውን ሳይክሊክቴስት ስከፍት ቁጥሩ ከ10 በታች ይጫወታል፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ድንገት 212። ትንሽ ቆይቶ 208። ወደ ኮንፊጉ ተመለስኩ። የሎክ መፈተሻዎቹን የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) አማራጮች አጠፋሁ፤ ፕሮሰሰሩ ከጥልቅ እንቅልፍ ለመንቃት ጊዜ ይፈጃልና እንዳይተኛ ከለከልኩት፤ ፍጥነቱንም አንድ ቦታ ላይ አሰርኩት። አማካዩ ተሻሻለ። ያ 200 ግን እንደ ዕዳ ጠያቂ እየቆየ ብቅ ይላል።

ከሃርድዌሩ የሚመጣ መዘግየትን የሚፈልገውን ኤችደብሊውላትዲቴክትን የሞከርኩት ዛሬ ነው። አሠራሩን ወድጄዋለሁ፦ ኢንተራፕቶችን (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጡ ጥሪዎችን) ሁሉ ዘግቶ ያለ ዕረፍት ሰዓት ብቻ ያነባል። ማንም ሊያቋርጠው አይችልም፤ ሆኖም በሁለት ንባብ መካከል ክፍተት ከተገኘ ጊዜውን የወሰደው ከከርነሉ በታች ያለ ነገር ነው። ክፍተቱ ተገኘ። የፕሮሰሰሩን ሁኔታ በሚያሳየው ተርቦስታት ላይ ኤስኤምአይ የሚለው ዓምድ ደግሞ ቁጥር ይጨምራል። ባዮሱ፣ ከሊኑክስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ውስጠ ፕሮግራም፣ ነበር! በኤስኤምአይ ጥሪ ከርነሉን ሳያስፈቅድ ፕሮሰሰሩን ነጥቆ የራሱን ጉዳይ ፈጽሞ ይመልሳል፤ ከርነሉ መነጠቁን እንኳ አያውቅም። እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ የምወቅሰው ከርነሉን።

ባዮስ ውስጥ ገብቼ ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት የሚለውን አጠፋሁ። የዩኤስቢ ኪቦርድን ለአሮጌ ፕሮግራሞች የድሮ ኪቦርድ የሚያስመስል ነገር ነው። ሳይክሊክቴስትን ለሁለት ሰዓት ለቀቅኩት፤ ትልቁ ቁጥር 17። ሞተሩን አስነሣሁት፤ ጉርምርምታው የለም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግሩብ ላይ (ከርነል የሚመረጥበት ገጽ) ኪቦርዴ አይሠራም። ሊኑክስ ከገባ በኋላ ደህና ነው፤ አሮጌውን ከርነል ልምረጥ ካልኩ ግን ክብ መሰኪያ ያለው የድሮ ኪቦርድ ያስፈልገኛል። ጠዋት ምናለሽ ተራ ወርጄ እፈልጋለሁ፤ በዚያው ለእማዬ መስቀል ጣውላ እገዛለሁ።